ራስ ሲዞር ሆድ ለምን ይታወካል?

ይህ የትምህርት ቤታችን የክብረ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስለ ትምህርት ቤቱ መሥራቾች፣ አንዳንዶቹ ስለ ዐድዋ ድል፣ ሌሎቹም ስለ ላሊበላ ሕንፃዎች ለመጻፍ ተመደቡ። እኛ የመረጥነው ርእስ ግን ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ መስሎ የሚታይ ነው። ይኸውም ሰው ራሱ ሲዞርበት ሆዱ ለምን ይታወካል? የሚለው ጥያቄ ነው። ርእሱን ባሰማን ጊዜ የክፍላችን ልጆች ሳቁ፤ «ይህ ደግሞ ታሪክ አለውን?» ያሉንም ነበሩ። ታሪክስ አለው። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የሆነ ታሪክ አለው፤ በውስጡም ርግቦችና ውሾች፣ መርከበኞችና ወታደሮች፣ መስማት የተሳናቸው ሰዎችና የጠፈር ተጓዦች ይገኙበታል። ከሀገራችንም እናቶቻችን ከእህል የሚለቅሙት እንክርዳድና ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላቸው።

ነገሩ የተነሣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን ለትምህርታዊ ጉብኝት ወደ ዓባይ ሸለቆ ሄድን። ከኮልፌ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሥተን፣ በአዲሱ ገበያ በኩል እንጦጦን ተሻግረን፣ ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ፍቼን አልፈን ጎሃ ጽዮን እስክንደርስ ድረስ አውቶቡሱ በዘፈንና በጭብጨባ ተሞልቶ ነበር። ከጎሃ ጽዮን በኋላ ግን መንገዱ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ድልድዩ ድረስ ይዘልቃል። ከመካከላችን አንዱ፣ በክፍላችን የእግር ኳስ ቡድን ግብ ጠባቂ የሆነው ጓደኛችን፣ መጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ ያዛጋ ጀመር፤ ፊቱ ገረጣ፣ ግንባሩም በላብ ራሰ። «መስኮቱን ክፈቱልኝ» ብሎ ቢለምንም «ብርድ ያስመታናል» ብለን እንቢ አልነው። ረዳቱ ፌስታል ሲያቀብለው፣ አንዲት መምህርት ደግሞ የምታሸተው ብለው ሎሚ ሲሰጡት እኛ እንስቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ቀርቶ «ሎሚ» ተባለ።

ይህ ቀልድ ቀልድ ሆኖ አልቀረም። በዚህ ዓመት ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስንነጋገር፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ሁሉ እንደማይመርጥ ነገረን። ባሕር ዳርና ጎንደር ዓባይን ሳይሻገሩ አይደረስባቸውም፤ ወደ ጅማም ሲኬድ የጊቤ ቁልቁለት አለ። ጓደኛችን በክፍላችን ከቀደሙት ተማሪዎች አንዱ ነው። ያን ቀን የሳቅነው ሳቅ የአንድ ወንድማችንን መንገድ እንዳጠበበበት የተረዳነው ያኔ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ከሥነ ሕይወት መምህራችን፣ ቀጥሎም ከመጻሕፍት ጠይቀን ያገኘነውን እነሆ እንጽፋለን።

በሀገራችን ልማድ ስለዚህ ሕመም የሚባለው ብዙ ነው። አንዱ «መኪና አይስማማኝም» ይላል፤ ሌላው «ሐሞቴ ተነሣ» ይላል፤ ሦስተኛው «ልቤን አጥወለወለኝ» ይላል። የሚታመመውን ሰው «ልበ ደካማ ነው» ወይም «ሆዱ አይችልም» የሚሉም አሉ። እንግዲህ ጥፋቱ አንድ ጊዜ በሐሞት፣ አንድ ጊዜ በልብ፣ አንድ ጊዜ በሆድ ላይ ይጣላል ማለት ነው። የውጭ አገር ሰዎችም ለብዙ ዘመን እንደዚሁ ሲሉ ኖረዋል።

መኪናና ባቡር ሳይኖሩ በፊት ይህ ሕመም በይበልጥ የሚታወቀው በባሕር ላይ ነበር። የጥንት ግሪኮች መርከብን «ናውስ» ይሉ ስለ ነበር ለማቅለሽለሽም የሰጡት ስም «ናውሲያ» ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። ዛሬም የአውሮፓ ቋንቋዎች ማቅለሽለሽን የሚጠሩት በዚሁ በመርከብ ስም ነው። ሕመሙ ከፈሪነት የሚመጣ አለመሆኑን ለማወቅ አንድ ሰው ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ጦርነት ድል አድርጎ የሞተው የእንግሊዝ አድሚራል ኔልሰን፣ ዕድሜውን ሙሉ በመርከብ ላይ እያሳለፈ ባሕሩ በተናወጠ ቁጥር ይታመም ነበር። የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊንም እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1836 «ቢግል» በተባለችው መርከብ ዓለምን ሲዞር በማቅለሽለሽ ብዙ ተሠቃይቷል። ኔልሰንን ፈሪ፣ ዳርዊንንም ሰነፍ ሊል የሚደፍር የለም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? መልሱ የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ስፍራ፣ በጆሮ ውስጥ ነው። ጆሮ የተፈጠረው ለመስማት ብቻ ይመስለን ነበር። ነገር ግን ከምንሰማበት ክፍል አጠገብ፣ በራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተቀብረው፣ በያንዳንዱ ጆሮ ሦስት ሦስት ግማሽ ክብ የሆኑ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። በውስጣቸውም ፈሳሽ አለ። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ዓመታት ፍሉራንስ የተባለ የፈረንሳይ ሊቅ የርግቦችን ጆሮ ሲመረምር እነዚህን ቦዮች ቈረጣቸው። ርግቦቹ መስማታቸውን ሳያጡ ሚዛናቸውን አጡ፤ አንዱ ቦይ ሲቈረጥ ራሳቸውን ወደ አንድ ወገን፣ ሌላው ሲቈረጥ ወደ ሌላ ወገን እያወዛወዙ ይሽከረከሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1861 ደግሞ በፓሪስ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የተቋቋመውን ተቋም ሐኪም ሆኖ ይመራ የነበረው ፕሮስፔር ሜንየር፣ ራሳቸው ድንገት እየዞረ የሚያስታውካቸው ሕሙማን በሽታ ከጆሮ እንጂ ከአንጎል እንዳይደለ አስረዳ። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ቦዮቹ እንዴት እንደሚሠሩ ለማወቅ አንባቢ በቤቱ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላል። በሳፋ ውሃ ሞልቶ በላዩ አንድ ገለባ ያንሳፍፍ። ሳፋውን ድንገት ቢያዞረው ሳፋው ይዞራል፤ ውሃውና ገለባው ግን ለጊዜው ባሉበት ይቀራሉ። ማዞሩን ቢቀጥል ውሃውም ቀስ በቀስ ከሳፋው ጋር አብሮ ይዞራል። አሁን ሳፋውን ድንገት ቢያቆመው ሳፋው ቆሞ ሳለ ውሃው መዞሩን አይተውም። በጆሯችን የሚሆነውም ይኸው ነው። ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው ሲሽከረከሩ ቆይተው ድንገት ሲቆሙ ምድር የሚዞርባቸው በጆሯቸው ያለው ፈሳሽ ገና ስላልቆመ ነው። ዐይናቸው «ቆመናል» ይላል፤ ጆሯቸው ግን «ገና እየዞርን ነው» ይላል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ1873 እስከ 1875 ባሉት ዓመታት ማኽና ብሮየር በኦስትሪያ፣ ክራም ብራውን በስኮትላንድ፣ ሦስቱም በየራሳቸው ሲመረምሩ ደረሱበት። ከቦዮቹም ሌላ እንደ ኖራ ያሉ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች የሚገኙባቸው ሁለት ከረጢቶች በጆሮ ውስጥ አሉ፤ እነርሱም ላይና ታች የቱ እንደ ሆነ፣ ሰውነታችንም ወደ ፊት መገፋቱን ወይም መገታቱን ይናገራሉ።

ከዚህ በኋላ የመጣው የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ነው። ባራኒ የሕሙማንን ጆሮ በውሃ ሲያጥብ ብዙዎቹ ራሳቸው እንደሚዞር ይነግሩት ነበር። ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን ዐይናቸው ወደ አንድ ወገን እየተወረወረ ሲመለስ፣ ሙቅ ሲሆን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንደሚሆን አስተዋለ። ምክንያቱም ብርድና ሙቀት በቦዮቹ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ስለሚያንቀሳቅሱት ሰውየው ተቀምጦ ሳለ የሚዞር መስሎ ይሰማዋል። በዚህ ሥራው የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ነገር ግን ሽልማቱ ሲሰጠው እርሱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ በሩስያ የምርኮኞች ሰፈር ውስጥ ነበር፤ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1916 በስዊድን ልዑል አማላጅነት ነው።

እንግዲህ ራስ የሚዞረው በጆሮ እንደ ሆነ ታወቀ። ሆድስ ምን አገባው? ይህን ከማስረዳታችን በፊት አንድ ሌላ ሙከራ መጥቀስ ይገባናል። የአሜሪካው ሊቅ ዊልያም ጄምስ «የጆሮ ቦዮች የማዞር ምንጭ ከሆኑ፣ ጆሯቸው የተጎዳ ሰዎች ራሳቸው ሊዞር አይገባም» ብሎ አሰበ። ስለዚህ መስማት የተሳናቸውን 519 ሰዎች በመሽከርከር እንዲፈተኑ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1882 እንዳስታወቀው ከእነርሱ መካከል 186ቱ ምንም ያህል ቢሽከረከሩ ራሳቸው ፈጽሞ አልዞረም። ወደ 200 ከሚሆኑት የሃርቫርድ ተማሪዎችና መምህራን መካከል ግን ራሱ ያልዞረ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

አሁን ወደ ሆድ እንመለስ። ሰው መንቀሳቀሱን የሚያውቀው በሦስት ምስክሮች ነው። የመጀመሪያው ምስክር ዐይን ነው፤ ሁለተኛው የውስጥ ጆሮ ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ስሜት፣ ማለት እግራችን የረገጠውንና ጀርባችን የተደገፈውን የሚናገረው ነው። በእግራችን ስንሄድ ሦስቱም ምስክሮች አንድ ቃል ይሰጣሉ፤ ዳኛውም፣ ማለት አንጎል፣ ያለ ችግር ይፈርዳል። በአውቶቡስ ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ዐይን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ወይም የያዝነውን መጽሐፍ አይቶ «ተቀምጠናል፣ የሚንቀሳቀስ የለም» ይላል። ጆሮ በበኩሉ «ወደ ቀኝ ዞርን፣ ወደ ግራ ዞርን፣ ቁልቁል ወረድን» እያለ ይጮኻል። ዳኛው ከዚህ በፊት ከለመደው ጋር የማይስማማ የምስክሮች ቃል ሲሰማ ይታወካል። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1975 ሪዝንና ብራንድ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በመጽሐፍ አስፋፍተው ጽፈውታል፤ ዛሬም ብዙዎቹ ሊቃውንት የሚቀበሉት ይህንኑ ነው።

ሾፌሩ የማይታመምበትም ምክንያት በዚህ ይታወቃል። ሾፌር መሪውን ሳያዞር በፊት መኪናው ወዴት እንደሚዞር ያውቃል፤ ዐይኑም ከመንገዱ አይነቀልም። ስለዚህ ምስክሮቹ ቃላቸውን ከመስጠታቸው በፊት ዳኛው ነገሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ያው ሾፌር ከኋላ ተቀምጦ ሌላ ሰው ቢነዳው ሊያቅለሸልሸው ይችላል።

ነገር ግን ጠያቂ ሰው በዚህ አይረካም። ምስክሮች ቢጣሉ ዳኛው ይደናገር፤ ሆድ ለምን ምግቡን ይተፋል? መልሱን ለማግኘት ወደ እናቶቻችን ሰፌድ መሄድ ይገባል። በስንዴና በገብስ እርሻ መካከል የሚበቅል፣ በወንጌል ምሳሌም የምናውቀው እንክርዳድ የሚባል አረም አለ። ፍሬው ከእህሉ ጋር ተቀላቅሎ ከተፈጨ ወይም ለጠላ ከዋለ፣ የበላውና የጠጣው ሰው እንደ ሰከረ ራሱ ይዞራል፣ ዐይኑ ይፈዛል፣ ያስታውከዋል። ጥፋቱ የሚመጣው በፍሬው ውስጥ ከሚኖር ሻጋታ ከሚወጣ መርዝ ነው። እናቶቻችን እህሉን ሲያበጥሩ እንክርዳዱን አንድ በአንድ የሚለቅሙት ስለዚህ ነው። ፈረንሳዮችም እንክርዳድን የሚጠሩበት ስም «ስካር» ከሚለው ቃል የወጣ ነው፤ ሊቃውንት በላቲን የሰጡት ስምም «የሰከረ» ማለት ነው። በሀገራችንም በሌላውም ዓለም ገበሬው አንድ ነገር አስተውሎ ነበር ማለት ነው፤ ይኸውም መርዝ የበላ ሰው አስቀድሞ ራሱ መዞሩን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ትራይስማን የተባለ ሊቅ እንዲህ ሲል ጻፈ። ሰው በፈረስ፣ በመርከብና በመኪና መሄድ የጀመረው በቅርቡ ነው፤ መርዛም ቅጠልና ፍሬ መብላት ግን ከጥንት ጀምሮ የነበረ አደጋ ነው። መርዝ አንጎልን ሲነካ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያፋልሰው የዐይንንና የጆሮን ስምምነት ነው። ስለዚህ አንጎል የምስክሮቹ ቃል ሲጋጭበት «መርዝ በልተናል» ብሎ ይጠረጥርና ሆድን «የያዝኸውን ጣል» ብሎ ያዝዘዋል። በዓባይ ቁልቁለት የተቀመጠው ጓደኛችን መርዝ አልበላም፤ አንጎሉ ግን ሊያድነው ፈልጎ ተሳሳተ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች የውስጥ ጆሯቸው የወጣላቸው ውሾች አንዳንድ መርዝ ሲሰጣቸው እንደ ሌሎቹ ውሾች ቶሎ እንደማያስታውኩ አሳዩ። ይህም ጆሮ መርዝን በማስወጣት ሥራ ድርሻ እንዳለው ያመለክታል። የትራይስማን ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንት የሚከራከሩበት ግምት ነው። ቢሆንም ማቅለሽለሽ የድካም ምልክት ሳይሆን የጠባቂ ጥሪ ሊሆን እንደሚችል ያስተምረናል።

ስለ መድኃኒቱም ታሪክ ጥቂት እንበል። በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳርና በየቆሻሻው ክምር ላይ አስተናግር የሚባል፣ አበባው እንደ መለከት የሆነና ፍሬው እሾህ ያለበት ቅጠል ይበቅላል። ይህ ተክል ብርቱ መርዝ ስለ ሆነ ማንም ሊቀምሰው አይገባም፤ የበላው ሰው ይቀባዥራል፣ ሊሞትም ይችላል። በውስጡ ካሉት ነገሮች አንዱ ግን ስኮፖላሚን የሚባለው ነው፤ እርሱም በሐኪም እጅ በጥቂቱ ተመጥኖ ሲሰጥ ማቅለሽለሽን ያግዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ ሐኪሞች በባሕር ለሚሻገሩ ወታደሮች ከሞከሯቸው መድኃኒቶች ሁሉ የበለጠ ሆኖ ያገኙት ይህንኑ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ጌይና ካርላይነር የተባሉ ሐኪሞች አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት ለቆዳዋ ማሳከክ አዲስ መድኃኒት ሰጧት። ሴትዮዋ ተመልሳ ስትመጣ ስለ ቆዳዋ ብቻ አልተናገረችም። በከተማው ባቡር ስትሄድ ሁልጊዜ ያማት የነበረው ሕመም እንደ ተዋት ነገረቻቸው። ሐኪሞቹ የሴትዮዋን ቃል ሳይንቁ ለመፈተን ተነሡ። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1947 «ጄኔራል ባሉ» በተባለችው የጦር ሠራዊት ማጓጓዣ መርከብ ከኒውዮርክ ወደ ጀርመን ከሚሻገሩት ወታደሮች ጋር ተሳፍረው፣ ለአንዳንዶቹ መድኃኒቱን፣ ለሌሎቹ ግን መድኃኒት የሌለበትን ክኒን ሰጡ። መድኃኒቱን የወሰዱት አብዛኞቹ ከሕመሙ ዳኑ። ይህም ዛሬ በየመድኃኒት ቤቱ ድራማሚን ተብሎ የሚታወቀው ነው።

ይህ ታሪክ ወደ ሀገራችን የሚመልሰን በመርከቧ በኩል ነው። በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1951) በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ የሚመራው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደ ኮሪያ ለመሄድ በጅቡቲ ወደብ የተሳፈረባት «ጄኔራል ማክሬ» የተባለችው መርከብ የ«ጄኔራል ባሉ» እኅት ነበረች፤ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ንድፍ የተሠሩ ናቸው። ከክብር ዘበኛ የተውጣጡት ከአንድ ሺህ በላይ የሆኑ ወታደሮች በደጋ አገር ተወልደው ያደጉ፣ በፈረስ፣ በበቅሎና በእግር መንገድ የለመዱ ነበሩ። ፑሳን ወደብ እስኪደርሱ ድረስ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ቆዩ። ባሕር ያልለመደ ሰው በመርከብ ሲሄድ የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ናቸው፤ ከዚያ በኋላ አንጎል አዲሱን የምስክሮች ቃል ይለምደውና ሕመሙ ይተወዋል። እንዲያውም ከመርከብ ሲወርድ የረጋችው ምድር የምትወዛወዝ ትመስለዋለች። አንጎል የማይማረው ነገር ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ የመሰጠንን ታሪክ እናቀርባለን። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1961 የሶቪየቱ ጌርማን ቲቶቭ በ«ቮስቶክ 2» ምድርን 17 ጊዜ ሲዞር በጠፈር ላይ በማቅለሽለሽ የታመመ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያን ጊዜ ገና የ25 ዓመት ወጣት፣ የተመረጠና የሠለጠነ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። የአሜሪካ ሊቃውንትም ይህ ሕመም እንደሚያሳስባቸው አስቀድመው ዐውቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ከሚማሩበት ከጋሎዴት ኮሌጅ 11 ወንዶችን መርጠው ነበር። ከአሥራ አንዱ አሥሩ በሕፃንነታቸው በማጅራት ገትር በሽታ ምክንያት የውስጥ ጆሯቸው የተጎዳ ነበሩ። በፔንሳኮላ ዶክተር አሽተን ግሬይቢል በሚመራው ምርምር በሚሽከረከር ክፍል ውስጥ ተቀመጡ፤ አራቱ እንዲያውም በዚሁ ክፍል 12 ቀን ኖሩ። አንድ ጊዜ ደግሞ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ በተናወጠ ባሕር ላይ በመርከብ ተወሰዱ። ማዕበሉ መርከቧን ሲያንገላታ እነርሱ ካርታ ይጫወቱ ነበር፤ ሊመረምሯቸው የመጡት ሊቃውንት ግን በሕመም ወድቀው ሥራቸውን አቋረጡ። ዓለም ጎደሎ ብሎ የሚንቃቸው ሰዎች በዚያ ቀን ከሁሉ የበረቱ ሆነው ተገኙ።

ይህን ካነበብን በኋላ ማንን ደካማ እንበል? ከእነዚያ ሰዎች በቀር የውስጥ ጆሮው ደኅና የሆነ ሰው ሁሉ ንቅናቄው ከበረታበት ይታመማል፤ ልዩነቱ አንዱ ቶሎ፣ ሌላው ዘግይቶ መሆኑ ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት እምብዛም አይታመሙም፤ ከዚያ እስከ 12 ዓመት ያሉት ልጆች ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይታመማሉ። ስለዚህ ጓደኛችን የታመመው ጆሮውና አንጎሉ ሥራቸውን በትጋት ስለ ሠሩ ነው። የሳቅነው በጤና ላይ ነበር ማለት ነው።

መንገደኛ ለሚሆኑ ሁሉ የሚጠቅም ጥቂት ምክር እንጨምር። ከተቻለ በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ መንገዱን አሻግሮ ማየት፣ ዐይንን ከሩቅ ተራራ ላይ ማኖር ይበጃል። በመኪና ውስጥ መጽሐፍ ማንበብና ስልክ መመልከት የምስክሮቹን ጠብ ያብሳል። ራስን ወደ ወንበሩ አስደግፎ አለማንቀሳቀስ ጥሩ ነው። ከመንገድ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ ትቶ ጥቂት ዳቦ ወይም ቆሎ መቅመስ ይሻላል። ዝንጅብል ብዙዎችን ይረዳል። መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ሐኪም ጠይቆ፣ ሕመሙ ሳይጀምረው በፊት ይውሰድ፤ ከጀመረው በኋላ ሆዱ መድኃኒቱንም አይቀበለውም። ከሁሉም በላይ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል። በአውቶቡስ ውስጥ «መስኮት ዝጋ!» እያልን የምንጮኽ ሰዎች፣ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ፊቱ ገርጥቶ እንደ ሆነ አስቀድመን እንመልከት።

ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ ከመስጠታችን በፊት ለጓደኛችን አነበብንለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝም ብሎ ሰማን። ስለ ኔልሰን ስናነብ ፈገግ አለ፤ ካርታ ይጫወቱ ስለ ነበሩት ሰዎች ስናነብ ደግሞ እንድንደግምለት ጠየቀን። ከዚያም በሁላችን ስም ይቅርታ ጠየቅነው፤ «ሎሚ» የሚለውንም ስም ዳግመኛ ላንጠራው ቃል ገባን። ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫው እንደገና እንደሚያስብበት ነገረን። ስለ ይቅርታው ግን የሰጠን መልስ አጭር ነበር።

«ይቅርታውስ ይሁን» አለን፤ «በሚቀጥለው ጉዞ መስኮቱን ክፈቱልኝ።»